የሌላ ሰው የጊዜ ድርሻ ውል ሲቀርብልን፦ ዋጋውን እንዴት እንከራከር?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አንዲት እህታችን በስልኳ የተላከላትን ሰነድ ይዛ ወደ ጀመዓችን መጣች። የላከላት ጂዳ የሚሠራው አጎቷ ነው። ብዙ ዓመት ሳዑዲ የኖሩ አንድ የአገራችን ሐጂ ጠቅልለው ሊገቡ ነው፤ ሐረም አቅራቢያ ባለ አንድ ሕንጻ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ሳምንት የማረፍ መብት አላቸው፤ የቀረውን ስድስት ዓመት በ5,000 ዶላር መሸጥ ይፈልጋሉ። ቤተሰቡ ደግሞ እናትን ዑምራ ለማስደረግ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። አጎቷ "በሄድን ቁጥር ለሆቴል ከምንከፍል አንዴ ገዝተን እንገላገል" አለ። ቤተሰቡም "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንብቢውና ንገሪን" ብሎ ሸክሙን እሷ ላይ ጣለው።

እህታችን ሕግ ተማሪ አይደለችም፣ ሒሳብ አያያዝም አልተማረችም። ጥያቄዋ ግን የብዙዎቻችን ነው። በሳዑዲ፣ በዱባይ ወይም በአሜሪካ ዘመድ ያለው ተማሪ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት መቀበሉ አይቀርም። ስለዚህ ሰነዱን አብረናት አነበብን፣ ያላወቅነውን ከኡስታዞቻችን ጠየቅን፤ የተማርነውን ደግሞ እነሆ። ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይረናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ሂጅራ ካልተባሉ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ ናቸው።

ውሉ ምን ዓይነት ነው?

"ታይም ሼር" ወይም የጊዜ ድርሻ ውል ማለት አንድን ቤት ወይም የሆቴል ክፍል ብዙ ሰዎች ጊዜ ተከፋፍለው የሚጠቀሙበት ውል ነው። አንዱ የዓመቱን አንድ ሳምንት ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን። አሠራሩ በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዛሬ ፍሎሪዳን በመሳሰሉ የመዝናኛ አካባቢዎች በሰፊው ይታወቃል።

መካ ውስጥም የራሱ መልክ አለው። ከመስጂደል ሐረም አጠገብ የቆሙት የአብራጅ አል-በይት ሕንጻዎች ያረፉበት መሬት የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ወቅፍ ነው። ወቅፍ ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ የቢን ላደን የግንባታ ድርጅት መሬቱን ለ28 ዓመት በኪራይ ያዘ። ከሕንጻዎቹ አንዱን፣ የዘምዘምን ግንብ፣ ሙንሸኣት የተባለ የኩዌት ድርጅት ተከራየው። ሙንሸኣት በ2000ዎቹ መጀመሪያ "ሱኩክ አል-ኢንቲፋዕ" የሚባሉ የመጠቀም መብት ሰነዶችን ለ24 ዓመት ዘመን አውጥቶ ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ሰነዱን የያዘ ሰው በየዓመቱ የተወሰነ ጊዜ በክፍሉ ያርፋል፣ መብቱን ያከራያል ወይም ለሌላ ያስተላልፋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ። በእንዲህ ያለ ወረቀት የሚሸጠው ቤት አይደለም፣ መሬትም አይደለም፤ ዓመታት ናቸው። ቤት ቢያረጅም መሬቱ ይቀራል። ይህ ወረቀት ግን ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ በረዶ ነው፤ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲከራከሩ እንኳ እየቀለጠ ነው። የ24 ዓመት ውል 18 ዓመት ከተኖረበት የቀረው ሩቡ ብቻ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ከኡስታዞች የሰማነውን ብቻ እናስተላልፋለን። የመጠቀም መብትን፣ በፊቅህ ቋንቋ "መንፈዓን"፣ በዋጋ ማስተላለፍ የኪራይ ውል ነው፤ በመሠረቱም የተፈቀደ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ2007 በፑትራጃያ፣ ማሌዥያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤው የጊዜ ድርሻ ውልን ተመልክቶ በመስፈርት ፈቅዷል። ከመስፈርቶቹ መካከል የሚከራየው ነገር ተለይቶ መታወቁ፣ ጊዜው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ መገለጹ፣ የሕንጻው መሠረታዊ ጥገናም በባለቤቱ ላይ መሆኑ ይገኙበታል።

የተከራየውን መልሶ ማከራየትስ? ብዙዎቹ መዝሀቦች፣ ሻፊዒዎችን ጨምሮ፣ ከተከራየበት ባነሰም በበለጠም ዋጋ ይፈቅዳሉ። ሐነፊዎች በበለጠ ዋጋ ለሚያከራይ ሰው ተጨማሪ መስፈርት አላቸው። ባነሰ ዋጋ ለሚያስተላልፍ ግን ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አብዛኛው ያገለገለ ወረቀት ደግሞ ሊሸጥ የሚገባው ባነሰ ዋጋ ነው።

ትልቁ ጥንቃቄ ከገረር፣ ማለትም ምንነቱ ካልታወቀ ነገር ሽያጭ፣ መራቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከልክለዋል። የትኛው ክፍል? ስንት ሌሊት? በየትኛው ወር? እስከ መቼ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወረቀት ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። ደስ የሚለው፣ እነዚሁ ጥያቄዎች ዋጋውን ለመከራከርም የሚያገለግሉ መሆናቸው ነው።

ዋጋው ከየት ይነሳል?

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚነሱት "እኔ ስገዛው ይህን ያህል ከፍዬበታለሁ" ከሚለው ነው። ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርሱ የከፈለው እርሱ ለተጠቀመባቸው ዓመታትም ጭምር ነው። ለገዢ የሚጠቅመው ቁጥር ሌላ ነው፦ ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ለዚያው ማረፊያ ምን ያህል እንከፍል ነበር?

የእህታችንን ሰነድ እንውሰድ። ሳምንቱ በሰፈር ወር ነው፤ ከረመዷንና ከሐጅ ወቅት ውጪ ማለት ነው። በዚያ ወቅት ተመሳሳይ ክፍል በሌሊት 150 ዶላር ይከራያል እንበል። 7 ሌሊት 1,050 ዶላር ይሆናል። ወረቀቱ ግን ነፃ ማረፊያ አይሰጥም፤ በየዓመቱ 300 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለበት፣ ያረፈም ያላረፈም ይከፍላል። ስለዚህ ያረፈ ሰው በዓመት የሚተርፈው 750 ዶላር ነው። በስድስት ዓመት 4,500 ዶላር።

አጎቷ እዚህ ድረስ አስልቶ "5,000 ብዙም አልራቀም፣ ትንሽ ቢቀንሱልን እንይዘዋለን" ብሎ ነበር። እህታችን ግን ለእናቷ ደውላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "እማ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መካ መሄድ እንችላለን?" እናት ሳቁና "አንዴ ካገኘሁ አል-ሐምዱ ሊላህ፤ ሦስቴ ከሆነማ የአላህ ትሩፋት ነው" አሉ።

ሒሳቡ ተለወጠ። ሦስት ጊዜ ብቻ ከሄዱ የሚያተርፉት የሆቴል ኪራይ 3,150 ዶላር ነው። የአገልግሎት ክፍያው ግን የስድስቱም ዓመት ነው፤ 1,800 ዶላር። ልዩነቱ 1,350 ሆነ። ስም ለማዛወር 200 ዶላር ሲቀነስ 1,150 ቀረ። ሁለት ጊዜ ብቻ ከሄዱ ደግሞ 2,100 ሲቀነስ 1,800፣ ሲቀነስ 200፤ የሚተርፈው 100 ዶላር ብቻ ነው!

ያው ወረቀት ለአንዱ 4,300፣ ለሌላው 100 ዶላር ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ገዢው የሚሄድበት ብዛት ነው። ጂዳ ለሚኖር፣ ራሱ ላልተጠቀመበት ዓመት ተከራይ ማግኘት ለሚችል ሰው ዋጋው ከፍ ይላል። ሦስቱን ባዶ ዓመታት እያንዳንዳቸውን በ700 ዶላር ቢያከራይ 2,100 ይጨመርለታል፤ ከ1,150 ጋር 3,250 ይሆናል። ነገር ግን ተከራይ መገኘቱ እርግጥ አይደለም፤ እርግጥ ላልሆነ ነገር እርግጠኛ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል አይገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሻጩን ከማነጋገር በፊት ነው። ከቤተሰብ ጋር ሹራ አድርጉ፤ የምትሄዱበትን ብዛት በሐቀኝነት ገምቱ፤ ጣሪያውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ክርክሩ ሲሞቅ ከዚያ ቁጥር በላይ እንዳትወጡ የሚይዛችሁ ያ ወረቀት ነው።

ሳምንቱ በማን አቆጣጠር ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን በሦስት አቆጣጠር ስለምንኖር ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመን መጠየቅ ነበረብን፤ ግን እኛም ያሰብነው ዘግይተን ነው።

የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ውሉ "በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ 7" የሚል ከሆነ፣ ደላላው "የረመዷን ሳምንት ነው" ቢላችሁ ለጊዜው እውነት ሊሆን ይችላል። በ2025 ያ ሳምንት የረመዷን መጀመሪያ ላይ ዋለ። በ2026 የረመዷን መካከል ላይ ነው። በ2027 ወደ መጨረሻዎቹ አስር ቀናት ይጠጋል። በ2028 ግን ረመዷን በፌብሩዋሪ ስለሚያልቅ ሳምንቱ ሸዋል ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ወደ ረመዷን አይመለስም። በረመዷን ሒሳብ የስድስት ዓመት ዋጋ የከፈለ ሰው ያገኘው የጥቂት ረመዷን ብቻ ይሆናል።

ውሉ በሂጅራ ከሆነ ደግሞ ወቅቱ አይለወጥም፤ ግን በየዓመቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ከሥራ ፈቃድና ከልጆች ትምህርት ጋር መጋጨቱን ማየት ያስፈልጋል። ዘመኑንም ቁጠሩ። 24 የሂጅራ ዓመት በፀሐይ አቆጣጠር 23 ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው። "ስድስት ዓመት ቀርቶታል" ሲባል የመጨረሻውን ቀን በሂጅራም በእ.ኤ.አም አስጽፉ። አንድ ሳምንት እንኳ ብትጎድል የአንድ ዓመት ጥቅም ናት።

ክርክሩ ራሱ

አንዳንዶቻችን ዋጋ መከራከርን የስስት ምልክት አድርገን እናያለን። መርካቶ ያደገ ግን እንዲህ አያስብም። በፊቅህም "ሙሳወማ"፣ ሻጭና ገዢ ተከራክረው የሚስማሙበት ሽያጭ፣ ከታወቁት የሽያጭ ዓይነቶች አንዱ ነው። የተከለከለው ክርክሩ ውስጥ የሚገባው ውሸት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከደበቁ ደግሞ በረካው እንደሚነሳ አስተምረዋል።

አጎቷና ሐጂ የተነጋገሩትን እህታችን እንዲህ አድርጋ ነገረችን።

"ሐጂ፣ መጀመሪያ እርስዎ ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት?"

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በየዓመቱ አልሄድኩም። አንዳንዱ ዓመት እንዲሁ አለፈኝ።"

"የዓመቱ ክፍያስ ባልሄዱበት ዓመት?"

"እሱማ አይቀርም፤ ከፍያለሁ።"

"እንግዲህ ሐጂ፣ እኛም እንደ እርስዎ ነን። እናታችን ቢበዛ ሦስቴ ነው የሚመጡት። አስልተነው 1,150 ደረሰ። ወረቀትዎን ማጣጣሌ አይደለም፤ ለእኛ የሚያወጣው ይህን ያህል ስለሆነ ነው።"

አጎት እዚህ ላይ ያደረገውን ልብ በሉ። ዕቃውን አላንቋሸሸም። "ሌላ ሰው በ1,000 ሊሸጥልኝ ነው" ብሎም አልዋሸም። ሻጩ ራሳቸው ከኖሩበት እውነት ተነስቶ ቁጥሩን ከነምክንያቱ አስቀመጠ። ምክንያት ያለው ቁጥር ዝም ብሎ "ቀንሱ" ከማለት ይበልጣል፤ ሻጩም ሳይከፋ ያስብበታል።

ሻጩ ዋጋውን አልቀንስም ካለ ከዋጋው ውጪ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የዘንድሮው የአገልግሎት ክፍያ ተከፍሏል ወይ? ካልተከፈለ ሻጩ ይክፈል። የስም ማዛወሪያውን ማን ይሸፍናል? ካለፈው ዓመት ያልተጠቀሙበትና ሊተላለፍ የሚችል ሳምንት አለ ወይ? ገንዘቡን በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል ወይ? በሁለት ጊዜ ሲከፈል ዋጋው ከመጀመሪያው አንድ ሆኖ ይወሰን፤ "አሁን ከሆነ ይህን፣ በኋላ ከሆነ ያን" ብሎ ሳይወስኑ መለያየት ወይም ለዘገየ ክፍያ ወለድ መጨመር ከሪባና ከገረር በር ያስገባል። ቀብድ ከተሰጠም ውሉ ቢፈርስ ይመለሳል ወይስ ይቀራል የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ፤ በዚህ ላይ በኡለማዎች መካከል ልዩነት አለ።

አደቦቹንም አንርሳ። ዋጋ ለማስወደድ የማይገዛ ሰው እንደ ገዢ ማቅረብ "ነጅሽ" ነው፤ የተከለከለ ነው። ሻጩ ለሌላ ወንድማችን ለመሸጥ አዝኖ ሳለ መሃል ገብቶ ዋጋ መጨመርም እንዲሁ። ጠቅልሎ ለመግባት የቸኮለ ሰው ጭንቀቱን አይቶ እስኪሰበር መግፋትም ለሙስሊም አይመጥንም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ዋጋ ላይ ከተስማማችሁ በኋላ ገና ያላለቀ ሥራ አለ።

አንደኛ፣ አስተዳዳሪው ድርጅት በጽሑፍ ይመልስ፦ ሰነዱ በሻጩ ስም አለ ወይ? ዕዳ አለበት ወይ? ለሌላ ሰው፣ በተለይ ለሳዑዲ ዜጋ ላልሆነ፣ ይተላለፋል ወይ? ሳዑዲ በመካና በመዲና የውጭ ዜጎች ንብረት የመያዝ መብት ላይ ለረጅም ጊዜ ገደብ ስታደርግ የኖረች አገር ናት። ስለዚህ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" የሚል የደላላ ቃል አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ቪዛ አይደለም። በዙል-ሒጃ ሳምንት ያለው ሰው እንኳ ያለ ሐጅ ፈቃድ ሐጅ ማድረግ አይችልም። ከአገራችን የሚሄድ ሐጅ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው የሚስተናገደው። ወረቀቱን "ሐጅን ያስገኛል" ብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ለማናችሁም ዘመድ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል ካለውና ሊሸጥ ካሰበ፣ ይህን ንገሩት። ብዙ የአሜሪካ ውሎች ዓመታዊ ክፍያቸው ስለማይቆም በሁለተኛ እጅ ገበያ ዋጋቸው እጅግ ይወድቃል፤ ከክፍያው ለመገላገል ብቻ በነፃ ሊሰጡ የሚፈልጉም አሉ። ይህን ጭንቀት የሚያድኑ አጭበርባሪዎች ይደውላሉ። "ገዢ አግኝተንልሃል፣ ግብሩን ብቻ አስቀድመህ ላክ" ይላሉ፤ ገዢው ግን የለም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዳሳወቀው፣ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ከሜክሲኮ ጋር በተያያዘ እንዲህ ያለ ማጭበርበር ብቻ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ማጣታቸውን አመልክተዋል። ሳይሸጥ በፊት ክፍያ የሚጠይቅ አሻሻጭ አይታመንም። አዲስ ውል ከአልሚው በቀጥታ የገዛ ዘመድ ካለ ደግሞ ቶሎ ይንቃ፤ ለምሳሌ የፍሎሪዳ ሕግ ውሉን ለመሰረዝ 10 ቀን ይሰጣል። በፊቅህም ኺያር፣ የማጽናት ወይም የመተው መብት፣ የታወቀ ነው፤ ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ስለሚለያይ ከመፈራረማችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ።

መጨረሻው

ሐጂ ከ5,000 ወደ 3,000 ወረዱ። ከዚያ በታች አልቻሉም፤ አጎትም ከ1,150 በላይ አልቻለም። ማንም አልተቀየመም። ሐጂ "የናንተ ሒሳብ ለእኔም ጠቀመኝ፤ በየዓመቱ ሊጠቀምበት ለሚችል ሰው ነው መሸጥ ያለብኝ" ብለው ተሰነባበቱ። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ጂዳ ለሚኖር ቤተሰብ አስተላልፈውታል።

የእህታችን ቤተሰብ ገንዘብ ሳይነካ ቀረ። እናት በዚያው ዓመት ዑምራቸውን አደረጉ፤ ከሐረም ትንሽ ራቅ ባለ ተራ ሆቴል ስምንት ሌሊት አረፉ። ከቀረው ገንዘብ ላይ ሁለተኛው ጉዞ ተይዟል፤ አባትም አብረው ሊሄዱ ነው፣ ኢንሻአላህ።

እናንተም እንዲህ ያለ ሰነድ ከቤት ከተላከላችሁ ብቻችሁን አትጨነቁ። ሐሙስ ከዓስር በኋላ የሙዓመላት ሐለቃችን ላይ ይዛችሁ ኑ፤ ስም ሸፍነን አብረን እናነባለን፣ ከኡስታዞችም እንጠይቃለን። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ፦ በውሉ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን፣ እና ቤተሰባችሁ በእውነት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ።

አላህ ሐላል በሆነው ያብቃቃን፤ በንግዳችንም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።